ከሰው ድስት እጁን የማያወጣው ሱኩማር

ሱኩማር ሞተ። የነገረችኝ ልጄ ሜሮን ናት። ከሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ፣ «እማዬ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። ቆሜ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

«ቆሜያለሁ፤ ተናገሪ» አልኳት። ነገረችኝ። ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩ።

«አር ዩ ኦኬ?»

«ምን እሆናለሁ? ዘመዴ ነው እንዴ?»

ማታውን ጋዜጣ ላይ የወጣውን ላከችልኝ። ከመሞቱ በፊት የተደረገለት ኢንተርቪው ነው፤ ሲሞት ደግመው አወጡት። ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፎቶ ተነሥቷል። ሕንዳዊው ሼፍ ምግብ ማብሰልን ከማን እንደተማረ፣ በምንኖርባት በኮለምበስ ከተማም የት የት መብላት እንደሚወድ ይናገራል ይላል ርእሱ። ሜሮን ልታነብልኝ ፈልጋ ነበር፤ ግን በእሱ ወጥ ቤት ከስድብና ከሳቅ ብዙ እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ፤ ራሴ አነበብኩት። ያስተማረችኝ እናቴ ናት ይላል። ቀጥሎም ለንደን ሆቴል ውስጥ ያሠለጠነው አንድ ፈረንሳዊ አለ። መብላት የሚወደው ደግሞ ዳውንታውን፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰበት፣ አስተናጋጁ ወይን ጠጁን እያሸተተ የሚቀዳበት ቤት ነው አሉ።

እናቱ ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ያ ፈረንሳዊም በወሩ ያባረረው ሰው ነው። ዳውንታውን ያለውን ቤት ደግሞ አንድ ጊዜ ሄዶበት፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ ከነዳጅ ማደያ ሳንድዊች ገዝቶ በልቷል፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ።

ስለ እሱ ልጽፍ መሆኔን የሰሙ ሰዎች ጥሩ ጥሩውን ጻፊ አሉኝ። ጥሩ ጥሩውን ጋዜጣው ጽፎታል። እኔ የማውቀውን እጽፋለሁ።

የሱኩማር ሬስቶራንት ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሃይ ስትሪት ላይ፣ በልብስ ማጠቢያና የውሻ ጠጉር በሚስተካከልበት ቤት መካከል ነበር። እዚያ የገባሁት ሰሃን አጣቢ ሆኜ ነው። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከዚያም ድስት መጠበቅ ተሰጠኝ። ሱኩማር አጭር ሰው ነው፤ ሆዱ ሽርጡን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባ ስለነበረ እሳት ፊት ሲቆም ቀለሙ ከላቡ ጋር ወደ ጆሮው ይወርዳል። ሲቀምስ ማንኪያ ወደ አፉ አያስገባም። ከጭልፋው መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ይልሰዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ዓይኑን ሲገልጥ የሚለው አንድ ቃል ነው።

«ገና።»

በዚያ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ስለ ማንም ሰው ድስት «ደርሷል» ሲል አልሰማሁም። ገና ይልና ትንሿን ጭልፋ እሳት ላይ ይይዛታል፤ ቅቤ ያግልባታል፤ ከሙን ይበትንበታል። ከሙኑ መፈንዳት ሲጀምር ድስቱ ላይ ይገለብጠዋል። ጭሽ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ የቆምኩበት ድስት ከዚያች ጭሽታ በኋላ የእኔ አይደለም፤ የእሱ ነው። ደንበኛ ሲያመሰግን ወጥቶ እጅ የሚነሣውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ፣ «ባትጨምርበትስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ባልጨምርበት ያንቺ ይሆናላ!» አለኝና ሳቀ። ቀልድ መሆኑ ነው።

ዲዲ ይለኝ ነበር። በአገሩ ቋንቋ ታላቅ እህቴ ማለት ነው። በዕድሜ ግን በደንብ ይበልጠኛል። «እኔ እኮ ታናሽህ ነኝ» ብለው፣ «ፊትሽን ስትቋጥሪ ታላቄ ትሆኛለሽ» አለኝ፤ ሰሃን አጣቢው ሳይቀር ሳቀ። ስሙ ከዚያ በኋላ ተለጠፈብኝ። እኔም ከአበሾቹ ጋር ሳወራ «ሰውዬው» ነበር የምለው። ጋሼ ብዬው አላውቅም፤ አልወጣልኝም።

ጾም ሲገባ ሥራው ሌላ ጣጣ ነበረው። እኔ ጾመኛ ነኝ። ቅቤና ክሬም የበዛበትን ድስት ሳማስል እውላለሁ፤ ግን አልቀምስም። ጨው ይነሰው ይብዛው የምገምተው በማሽተት ነው። ስለዚህ በጾም ወራት የእኔን ድስት የሚቀምሰው እሱ ነበር። እጠራዋለሁ፤ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ «ጨው» ይላል፣ ወይም «ዝንጅብል» ይላል፤ እጨምራለሁ። ይህ ልማዳችን ሆነ። በኋላ ለደረሰብኝ ነገር በሩን የከፈተው ይኸው ልማድ ነው።

«ዲዲ፣ ስትጾሙ ምንድን ነው የምትበሉት?» ብሎ ጠየቀኝ ገና መጀመሪያ ላይ።

«ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች። ሽንኩርቱ ብዙ ነው።»

«ወተትስ?»

«አይሆንም።»

«ቅቤስ?»

«ምን ነካህ? በጭራሽ!»

ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አክስቴ ስትጾም ምስርና ሽንኩርት አትነካም፤ ወተትና ቅቤ ነው የምትበላው። ለእሷ ከቅቤ የበለጠ ንጹሕ ነገር የለም። የአንቺ አምላክና የእሷ አምላክ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ምን አለበት?»

«አንተ ድስትህን ጠብቅ። አምላክን ተወው» አልኩት።

እንግዲህ ያስተማረችው ይህች አክስቱ ናት። ባሏ የሞተው ገና ልጅ ሳለች ነው። በእነሱ ቤት በዚያ ዘመን ባል የሞተባት ሴት ነጭ ትለብሳለች፤ ሥጋና ዓሣ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለዘላለም ይከለከላታል። ወጥ ቤቷም ከቤተሰቡ ተለይቶ ከጓሮ ነበር፤ አንድ ምድጃና ሁለት ድስት። እዚያ ሆና ሌላው ሰው የሚጥለውን የዱባ ልጣጭ፣ የአበባ ጎመን ግንድ፣ የሙዝ አበባ ታበስል ነበር። ሱኩማር በትልቁ ቤት የተዘጋጀለትን ሥጋ ትቶ፣ በጓሮ ሾልኮ ከእሷ ጋር ይበላል። ሽንኩርት ሳይኖር እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ከሙን በየትኛው ደቂቃ ከእሳት እንደሚወጣ፣ ያቺ ጭልፋ ላይ የሚደረገው ነገር ሁሉ የእሷ ነው። «የማውቀው ሁሉ የእሷ ነው» ብሎ ነግሮኛል፤ የሚነግረኝም እንደ ምስጢር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ታዲያ ለሰው ለምን አትናገርም?»

«ልጣጭ ከምትቀቅል መበለት ተማርኩ ልበል? ማን ሊበላ ይመጣል?»

ጋዜጠኛው መጥቶ ሲጠይቀውም እናቴ አለ። ሰው የሌላ ሴትን እጅ እንደ ራሱ እያሳየ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። እሱ ጨረሰ።

መብላት የሚወድባቸውን ቦታዎች የማውቀው ደግሞ መኪና ስለማይነዳ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ወድቆ ወድቆ ትቶታል። ሬስቶራንቱ ሰኞ ዝግ ነው። ባለቤቴ ተሾመ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰኞ ሰኞ ሂልቶፕ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዶ ኩላሊቱን ይታጠብ ነበር። እኔ ነበርኩ የማደርሰው። ሱኩማር ይህን ሲሰማ «እኔንም ውሰጂኝ» አለ። ከፊት ወንበር የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ሆዴ ከኋላ አይመቸውም ብሎ። በሽተኛው ከኋላ።

ተሾመን አስገብተን እስኪጨርስ ድረስ እንበላለን፤ ማለቴ እሱ ይበላል፣ እኔ አያለሁ። ብሮድ ስትሪት ላይ አንድ ጎሚስታ ግቢ ውስጥ ታኮ የሚሸጥበት መኪና ይቆማል። ሱኩማር በዚህ ከተማ የሚያከብረው ወጥ ቤት ቢኖር ያ መኪና ነው። ከጎማ ክምር አጠገብ ቆሞ ይበላል፤ ጭማቂው እስከ ክርኑ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። ሜክሲኳዊቷ ሴትዮ ሥጋውን ቂጣው ላይ አድርጋ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋበት ስትሰጥ አፍጥጦ ያያታል።

«አየሽ? እጇን አነሣች። በቃ ስትል በቃ ነው። ትልቅ ሰው ማለት ይህች ናት» ይለኛል። ይህን የሚለው ሱኩማር ነው!

ተሾመን ወደ ቤት ካደረስን በኋላ ቀኑ ገና ከሆነ ደግሞ ጋሃና በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለው ቁርስ ቤት ውሰጂኝ ይላል። የተጠበሰ ድንችና እንቁላል ነው፤ ሌላ የለውም። አስተናጋጇ ከእኔም ይልቅ ያረጀች ቀጭን ነጭ ሴት ናት። ድንቹ ላይ ሚጥሚጣ ነገር እንዲደረግለት ሲጠይቃት፣ «እንደመጣልህ ብላ፣ የኔ ማር፤ አለዚያ ተነሣ» አለችው። እንደ ሕፃን ታዘዛት። ከእኔ አንድ ቃል የማይሰማ ሰው ከእሷ ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት በላ።

በሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ምሳ ላይ ካቶሊኮቹ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ዓሣ ይጠብሳሉ። እነሱም ጾም ላይ ናቸውና ሥጋ አይበሉም። አንድ ዓርብ ይዤው ሄድኩ። ዓሣ፣ የድንች ጥብስ፣ የጎመን ሰላጣ ተደርድሯል፤ ሽማግሌዎቹ ሽርጥ ታጥቀው ያድላሉ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«ዓሣ እኮ ነው፣ ዲዲ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነሽ።»

«የእኔ አይደለም።»

የእኔንም ድርሻ ወደ ራሱ ሳበው። «አንቺ ዓሣ አትበዪ፣ እነዚህ ሥጋ አይብሉ፣ አክስቴ ሽንኩርት አትብላ። ለሁላችሁ የምበላላችሁ እኔ ነኝ» አለና አፉን ሞላው።

ከተሾመ ጋር ይዋደዱ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ተሾመ ታማሚ ስለነበረ ቀሲስ እንዳይጾም ፈቅደውለታል። ሱኩማር ሐኪም የከለከለውን ሁሉ በፕላስቲክ እቃ እየቋጠረ ያመጣለታል። ያ ቅቤ የሚዋኝበት ምስር ሲከፈት ተሾመ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በዓይኑ፣ በመጨረሻ ነው በአፉ የሚበላው። «ሚስቴ ይህን ብትችል ኖሮ እኮ ከአገሬ አልወጣም ነበር» ይለዋል በእንግሊዝኛ፣ እኔ እንድሰማ። ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ከዚያ ተሾመ ሞተ። ስለዚህ አልጽፍም።

ሙት ዓመቱ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። እንግዲህ ከፍትሐቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ይበላል፤ ነፍሱን ይማር ይላል። የጾም ምግብ ነው፤ ከባድ ነገር የለውም። እኔም ብቻዬን አዘጋጀዋለሁ ብዬ ነበር። ሱኩማር ሰምቶ መጣ።

«ምስሩን እኔ ነኝ የምሠራው።»

«አያስፈልግም።»

«ለአንቺ አይደለም። ለተሾመ ነው።»

እሺ አልኩ። ሥራ ላይ ቆሜ እየዋልኩ ያን ሁሉ ሰው መመገብ ከብዶኝ ነበር። ግን አስጠንቅቄዋለሁ፤ ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«በዘይት ብቻ» አልኩት።

«በዘይት ብቻ።»

«ቅቤ ነክቶት በማያውቅ ድስት።»

«አዲስ ድስት አወጣለሁ።»

«ያቺ ጭልፋህ አጠገቡ እንዳትደርስ።»

«ዲዲ፣ ስንት ዓመት አብረን ሠራን? ደንቆሮ ነኝ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሬስቶራንቱ ሳይከፈት ገባን። ምስሩን ከአዲስ ከረጢት አውጥቼ፣ ለቅሜ፣ አጥቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በርበሬው ከቤቴ ነው። እሱ ሽንኩርቱን በዘይት እያበሰለ ከራሱ ቅመም ጥቁር አዝሙድና ሰናፍጭ ጨመረበት። ከአጠገቡ አልተለየሁም። ሲደርስ እንደ ልማዳችን እሱ ቀመሰ፤ እኔ ከፍትሐቱ በፊት እህል አልነካም። ዓይኑን ጨፈነ። ገለጠ። «ገና» አላለም። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እኔ ግን እንዲያውም ለተሾመ ክብር አፉን ዘጋ ብዬ ደስ አለኝ፤ ጎመኑንና ድንቹን ይዤ ወደ መኪናው ወጣሁ። ስመለስ ድስቱ ተከድኖ፣ በፎጣ ታስሮ ጠበቀኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቀሲስ ባረኩ። እኔ ባለድግሷ ነኝና ሰሃን ይዤ እዞራለሁ። ሱኩማር ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አሥሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ የሚያየው የሰዉን ፊት ሳይሆን የሰዉን ሰሃን ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ምስሩ ነበር። ቀሲስ ራሳቸው «ከዚህ ምስር ጨምሪልኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉ። ሱኩማር አማርኛው ባይገባውም የቀሲስን እጅ አይቶ ገባው፤ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

የማኅበራችን ሰብሳቢ አስካለ ናት። ሰው ሁሉ እትዬ አስካለ ይላታል፤ እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ አስካለ ነው የምላት። በዚያ አዳራሽ ያለ እሷ ፈቃድ ወንበር ቦታውን አይለቅም። አስካለ ምስሩን ጨልፋ በላች። ተነሥታ ራሷ ሁለተኛ ጨለፈች። ምግብ ሲቀዘቅዝ ቅቤ ራሱን ያወጣል። ሁለተኛውን አጋምሳ ቆመች፤ ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ጥሩወርቅ፣ ነይ እስቲ እዚህ።»

«ምን ጎደለሽ?»

«አልጎደለኝም። የበዛ ነገር አለ። ይሄ ቅቤ አይደለም?»

ቀስ ብላ አልተናገረችም። ሰው ሁሉ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ። አንዷ ናፕኪን ላይ ተፋች። ቀሲስ እጃቸውን ቀስ ብለው ከሰሃኑ አነሡ። እኔ ወደ በሩ አየሁ፤ ሱኩማር ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል። ተከተልኩት።

«ጨምረሃል?»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ነው ትልቅ ነው አላልኩህም! ጨምረሃል?»

«ዲዲ፣ በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቅቤ ያፈስሱለታል። ደረቁን አይሸኙትም። ደግሞ ለተሾመ ነው፤ እሱ ያለ ቅቤ በልቶት አያውቅም።»

ጥፋቱ እንዳልገባው ልጅ ቆሞ ነበር። ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው አውቃለሁ። ምን ይጠቅመኛል? የእኔን ጾም ያውቃል፤ ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ፋንታ ሲቀምስ የኖረ ሰው ነው። ያወቀውን አውቆ ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ አለ። ለእኔ ባል፣ በእኔ ቤተ ክርስቲያን።

«ግባና ንገራቸው» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየ። «ምግቤ ስሕተት ነው ብዬ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም» አለ።

«ስሕተት ነው እኮ!»

«እየበሉት ነበር» አለኝ። ኮቱን ቆለፈና በጓሮ በር ወጥቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ስመለስ አስካለ አዳራሹ መካከል ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ማነው የሠራው?»

«አሠሪዬ ነው። እዚህ ነበር።»

«የት አለ?»

«ሄደ።»

«ሄደ!» አለችና ዙሪያዋን አየች። «አይ ጥሩወርቅ! ከሬስቶራንቱ ያደረውን ትራፊ ነው ያመጣሽልን። ለባልሽ ሙት ዓመት ትራፊ!»

አይደለም አልኩ። ዛሬ ነው የተሠራው አልኩ። ማን ይመስክርልኝ? የሚመሰክረው ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ነው። ቀሲስ ቅቤውን በቀላሉ አሳለፉት፤ ሳታውቁ ነው ብለው ለበላ ሁሉ ስግደት አዘዙ። ጉልበት የሚያመው ሁሉ በሰገደ ቁጥር እኔን ሳያነሣኝ አልቀረም። ቢሆንም ቅቤው ተረሳ። ያልተረሳው ትራፊው ነው። ባሏን በትራፊ ዘከረችው ተባለ። አበሻ ሱቅ ስገባ ወሬ ይቆማል። ሜሮን በሰው ሠርግ ላይ ሰምታ አልቅሳ መጣች። ቤተ ክርስቲያኔን አልቀየርኩም፤ ምን በደልኩና? ግን ከዚያ ወዲህ ለድግስ ድስት ይዘሽ ነይ ያለኝ ሰው የለም። ምግብ ሲከፋፈሉ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ ሶዳና ናፕኪን» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ሶዳና ናፕኪን ነኝ።

በሚቀጥለው ቀን ሽርጤን አጥፌ ሱኩማር ፊት አስቀመጥኩ። «ትመለሻለሽ» አለኝ። አልተመለስኩም።

ዓመታት አለፉ። ሰው ሲያመጣ ወሬው ይደርሰኝ ነበር፤ ሬስቶራንቱ ሰፋ፣ ሽልማት ተቀበለ፣ ከዚያ ልቡን ታመመ። ባለፈው ክረምት ሴት ልጁ ሪና ኮል አደረገችኝ። ወደ ጋሃና፣ ወደ ቤቷ ወስዳው ነበር። «አንቲ፣ አባዬ ሊያይሽ ይፈልጋል» አለች። ሄድኩ። የሄድኩት ልጠይቀው ብቻ አይደለም፤ ልዋሽ አልፈልግም። የአስካለን ስልክ ቁጥር ይዤ ነው የሄድኩት።

ጠጉሩን መቀባት ትቶ ነጭ ሆኗል። ሆዱ የት እንደገባ እንጃ። አውሮፕላን በጣራው ላይ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ዲዲ፣ ፊትሽ አሁንም ቋጠሮ ነው።»

«ያሠረው አንተ ነህ። ለጨዋታ አልመጣሁም። ስልኩ ይኸው። ለአስካለ ደውልና ትራፊ አልነበረም፣ በዚያው ጠዋት ነው የሠራሁት፣ ቅቤውም የእኔ ሥራ ነው በላት። ሌላ አልፈልግም።»

«እደውላለሁ» አለ። ወዲያው ነው ያለው። ጆሮዬን አላመንኩም። እጁን ለስልኩ ዘረጋና መለሰው።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ያ ምስር እንዴት ነበር?»

«ምን ማለት ነው?»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ የነገረኝ የለም። አስተካክዬ የሠራሁት ምግብ በሕይወቴ ያ ብቻ ነው። አክስቴ ብትቀምሰው እኮ… ተይው። ጥሩ ነበር?»

ሁለት ቃል ነው የጠየቀኝ። ጥሩ ነበር ብለው ስሜን በዚያችው ደቂቃ አገኘዋለሁ።

«አልቀመስኩትም» አልኩት።

«አዳራሹ ውስጥ አልቀመስሽም። በኋላስ? ድስቱ ሥር የቀረውን?»

«ደፋሁት።»

«ሳትቀምሺ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ ሰውዬ!»

ስሜ በየሱቁ ሲጎተት ያላዘነ ሰው ለተደፋ ምስር ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጥሩ ነበር ብዬ ብዋሽልህስ ትደውላለህ?» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «የውሸቱ ምን ያደርግልኛል?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሪና ገብታ «ደክሞታል» አለች። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። አልደወለም።

በሞተ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አስካለ ፓርኪንጉ ውስጥ አገኘችኝ። መኪናዎቻችን ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

«ያ ሕንድሽ ሞተ አሉ።»

«አዎ፣ ሞተ።»

«የትራፊው ሰውዬ አይደል?»

ያን ያህል ዓመት መልስ ስፈልግ ኖሬ መልሱ በዚያች ሰዓት መጣልኝ። «አስካለ፣ ስንቴ ነበር የጨለፍሽው?»

«ምኑን?»

«የተሾመን ምስር። አንዴ ጨልፈሽ ጨረስሽ። ተነሥተሽ፣ ማንም ብዪ ሳይልሽ፣ ደግመሽ ጨለፍሽ። እሱን አጋምሰሽ ነው የሸተተሽ። አንቺ በሰው ድግስ ትራፊ ደግመሽ ጨልፈሽ ታውቂያለሽ?»

የመኪናዋን በር ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሰው እንዳይሰማ ግራና ቀኝ አየች።

«ጣፍጦኝ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጣፍጦኝ ነበር አልኩሽ! እንደዚያ ያለ ምስር ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አልበላሁም። አሁን በቃሽ?»

«ታዲያ ትራፊ ነበር?»

ቁልፏን እያገላበጠች ቆየች። «ትራፊ እንደዚያ አይሆንም» አለች። «የዕለት ነው። ያን ጊዜ ተናድጄ ነው።»

«እንግዲያው ሰው ሳይበተን ነይ ግቢና ይህንኑ ንገሪያቸው።»

«አብደሻል? በሁዳዴ ቅቤ ጣፈጠኝ ብዬ በሰው ፊት ልናገር?» አለች። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

እሱ ሰው ፊት ሳይለው ሞተ። እሷም ሰው ፊት አትለውም። እኔ ያልቀመስኩትን ጣፋጭ ነበር ብዬ አልመሰክርም፤ አስካለ ያለችውን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ያንብበው። ምስሩ የዕለት ነበር።